የልጆች የዓይን ጤናና መደበኛ የዓይን ምርመራ፦ በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

አንድ አዋቂ ሰው ዕይታው ሲደክም ያውቀዋል፤ ትናንት ያነበበውን ጽሑፍ ዛሬ ማንበብ ሲያቅተው ልዩነቱን ይገነዘባል። ከልደቱ ጀምሮ ዓለምን ብዥ ብላ ያያት ሕፃን ግን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ጥቁር ሰሌዳው ለክፍል ጓደኞቹም እንደዚያው የደበዘዘ ይመስለዋል። ስለሆነም ሕመም ካልተሰማው በስተቀር ለወላጁ «አይታየኝም» ብሎ አይናገርም። አንድ ዓይኑ ብቻ የተጎዳ ልጅ ደግሞ በጤነኛው ዓይን እየታገዘ ስለሚሮጥና ስለሚጫወት ችግሩ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የልጆች የዓይን ምርመራ ቅሬታ ሳይጠበቅ በዕድሜያቸው መሠረት በየጊዜው መካሄድ ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ጽሑፍ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ምርመራው በየትኛው ዕድሜ እንደሚደረግ፣ ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ወጪ እንደሚያስከትልና ከምርመራው በኋላ ምን እንደሚጠበቅ ያስረዳል።

የጊዜው ጉዳይ

ሕፃን ሲወለድ ማየትን ገና አልተማረም። የማየት ችሎታ የሚዳብረው ጥርት ያለ ምስል ከሁለቱም ዓይኖች ወደ አንጎል ሲደርስ ሲሆን፣ ይህ ትምህርት በአብዛኛው የሚጠናቀቀው ሕፃኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንደኛው ዓይን በሞራ ግርዶሽ ከተሸፈነ፣ ከተንሸዋረረ ወይም ከሌላው ዓይን እጅግ የተለየ የመነጽር ቁጥር የሚያስፈልገው ሆኖ ሳይታወቅ ከቀረ፣ አንጎል ከዚያ ዓይን የሚመጣውን ምስል ቀስ በቀስ መቀበል ያቆማል። ባለሙያዎች ይህን አምብሊዮፒያ ይሉታል። ዓይኑ ከውጭ ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ከገባ በኋላ በመነጽርም ሆነ በቀዶ ሕክምና ሙሉ ዕይታውን መመለስ አስቸጋሪ ነው። በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ቢታወቅ ኖሮ ግን መነጽር በማድረግና ጤነኛውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት በመሸፈን ብቻ ይስተካከል ነበር።

ከልደት ጋር የመጣ የሞራ ግርዶሽ ከዚህም ያነሰ ጊዜ ነው የሚሰጠው። በዓይኑ መሀል ያለውን ጥቁር ክብ የሚሸፍን ግርዶሽ በተቻለ መጠን ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መነሣት ይኖርበታል። «ትንሽ ይደግና» ተብሎ የሚሰጥ ቀጠሮ በዚህ ሕመም ላይ ዕይታን ያሳጣል።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዝቅተኛ ዕይታና የትራኮማ ጥናት መሠረት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው ነበር። ልጆችን በተመለከተ የበለጠ የሚያሳስበው በ1995 ዓ.ም. የታተመና በኢትዮጵያ ባሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሕፃናትን የመረመረ ጥናት ያገኘው ውጤት ነው። ከተመረመሩት ዓይነ ስውርና ከፍተኛ የዕይታ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት መካከል 62.4 በመቶ የሚሆኑት ለጉዳት የተዳረጉት የፊተኛው ጥርት ያለ የዓይን ክፍል ማለትም ኮርኒያ በመደፍረሱ ወይም ዓይኑ በመፍሰሱና በመሟሸሹ ነበር። አጥኚዎቹ ከጠቅላላው ጉዳት 68 በመቶ ያህሉን ሊወገድ ይችል የነበረ ሲሉ መድበውታል። በኩፍኝና በቫይታሚን ኤ እጥረት ምክንያት የሚደርስ የኮርኒያ ጉዳት በክትባትና በአመጋገብ የሚቀር ነው።

ትራኮማ በገጠር፣ በተለይም ውኃ በራቀባቸው አካባቢዎች፣ ዛሬም ከባድ ችግር ነው። በአራዳ የሚያድግ ልጅ የሚገጥመው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፤ በመነጽር የሚስተካከል የዕይታ ጉድለት፣ የሚያሳክክ የዓይን አለርጂና ድንገተኛ ጉዳት። ክረምቱን ዘመድ ዘንድ ገጠር ቆይቶ የተመለሰ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ዓይናር ካበዛ ግን ትራኮማም ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

በየትኛው ዕድሜ

በጤና ተቋም የተወለደ ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓይኑን ከኢንፌክሽን የሚከላከል የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረግለታል። በቤት የወለደች እናት ሕፃኑን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ማምጣት የሚኖርባት ለዚህም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ሲቀርብ እናቲቱ ስለ ዓይኑ ጥያቄ ለማንሣት መልካም አጋጣሚ ታገኛለች። በ14ኛው ሳምንት ሕፃኑ የእናቱን ፊት ትኩር ብሎ ማየትና የሚንቀሳቀስን ነገር በዓይኑ መከተል መቻል አለበት። ዓይኖቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፎ አልፎ ቢጣመሙ አያስደነግጥም፤ ከአራት ወር በኋላ የሚቀጥል መንሸዋረር ግን ሲያድግ የሚጠፋ አይደለም፤ መመርመር አለበት።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በመሆኑ ታላላቅ ልጆቻቸውን በአንድ ዙር ብቻ ያስከተቡ ወላጆች ለታናሹ ሁለተኛውን ሲዘነጉ ይታያል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይወስዳሉ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ ማንጎ፣ እንቁላልና ጉበት በገበታ ላይ ሲገኙ ይህንኑ ያግዛሉ፤ ሆኖም ካሮት መብላት መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ከመነጽር አያድነውም።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና በኦክስጅን የታገዙ ሕፃናት ከሌሎች ተለይተው መታየት አለባቸው። በዓይናቸው የኋላ ክፍል ያሉት ደም ሥሮች ገና ስላልጨረሱ በተወለዱ በአራተኛው ሳምንት ገደማ በዓይን ሐኪም መመርመር ይኖርባቸዋል። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲያሰናብታቸው ይህ ቀጠሮ በካርዳቸው ላይ መጻፉን ወላጆች ማረጋገጥ አለባቸው።

የዕይታ መጠን በሰንጠረዥ ሊለካ የሚችለው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት የሚገቡበት ጊዜ ማለት ነው። ፊደል ያልለየ ልጅ እንኳ በስድስት ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለና እግሮቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የዞሩ ምልክቶችን እያየ በጣቱ ወዴት እንደዞሩ ማሳየት ይችላል። ቀጣዩ ምርመራ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይደረጋል። ከዚያም በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ መነጽር የሚያደርግ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በየዓመቱ ይደገማል። ወላጆቹ ወይም ወንድምና እህቶቹ በልጅነታቸው መነጽር ያደረጉ፣ የተንሸዋረሩ ወይም በልጅነት የሞራ ግርዶሽ የነበራቸው ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት መጠበቅ አይገባም።

ከተወሰነው ዕድሜ በፊትም ቢሆን አስቸኳይ ምርመራ የሚጠይቁ ምልክቶች አሉ። ከሁሉም በላይ አሳሳቢው በዓይኑ መሀል ያለው ጥቁር ክብ ነጭ ሆኖ ሲታይ ወይም በፍላሽ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አንደኛው ዓይን እንደ ሌላው ቀይ ሳይሆን ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው። ይህ የሞራ ግርዶሽ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል፤ ከዘገየ ግን ከዓይኑ አልፎ ሕይወትን ይነጥቃል። ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ፣ ብርሃን የሚሸሽና ያለማቋረጥ የሚያነባ የጨቅላ ዓይንም በልደት የመጣ ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል ቀናት ሊያልፉበት አይገባም። ትልልቅ ልጆች ደግሞ ቴሌቪዥን ሥር ተጠግተው ሲቀመጡ፣ ሩቅ ለማየት ዓይናቸውን ሲያጨናብሱ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዩ፣ ከሰሌዳ ሲገለብጡ መስመር ሲዘሉ ወይም ከጓደኛቸው ደብተር ብቻ ሲገለብጡ ይታያሉ። ብዙዎቹ «ሰነፍ» ወይም «የማይረጋ» ተብለው ተቀጥተዋል። ውጤቱ በድንገት የወረደ ተማሪ ከመቀጣቱ በፊት ዓይኑ ቢመረመር ይመረጣል።

ወላጅ በቤቱ ማድረግ የሚችለው ቀላል ሙከራም አለ። የልጁን አንድ ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ በመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የቆመ ታክሲ ሰሌዳ እንዲያነብ ማድረግ፣ ቀጥሎም ሌላኛውን መሸፈን ነው። አንዱ ዓይን ሲሸፈን የሚቃወምና የሚያለቅስ፣ ሌላው ሲሸፈን ግን ዝም የሚል ትንሽ ልጅ የቱ ዓይኑ እንደማያይ ራሱ ነገረ ማለት ነው።

ምርመራው ከየት ይጀመራል

የመጀመሪያው መግቢያ በወረዳው የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። የዓይን ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ የዕይታ መጠን ይለካል፤ ቀላል ኢንፌክሽኖችን ያክማል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። ለአራዳ ነዋሪ የቅርቡ ከፍተኛ የዓይን ሕክምና መስጫ ከአራት ኪሎ አለፍ ብሎ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በአገሪቱ ካሉት ቀደምት የሕክምና ተቋማት አንዱ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል የሚገኘውና የዓይን ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የሠለጠኑት በዚሁ ነው። ከመላ አገሪቱ ታካሚዎች የሚመጡበት በመሆኑ ወረፋ አለው፤ ስለዚህም በማለዳ መድረስ ይመረጣል።

ወላጅ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ከጤና ጣቢያው የተሰጠውን የሪፈር ወረቀት፣ የጤና መድን አባል ከሆነ የታደሰ የአባልነት ካርድ፣ የልጁን የክትባት ካርድና ቀድሞ የታዘዘ መነጽር ወይም መድኃኒት ካለ እርሱን መያዝ አለበት። ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ ጠርሙሱን ማምጣት ለሐኪሙ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቹ ብቻ ሳይሆን በመነጽር ቤቶቹም የታወቀ ሰፈር ነው። ለአዋቂ ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ ለልጅ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የልጅ ዓይን ቅርብ ያለን ነገር ለማየት ራሱን የማጥበቅ ኃይሉ ከአዋቂ ዓይን እጅግ የበለጠ ነው። በዚህ የተነሣ በኮምፒዩተር መለኪያ ውስጥ ሲመለከት ዓይኑ ይጠብቅና የሌለበትን የሩቅ ዕይታ ችግር ያለበት ያስመስለዋል፤ ወይም ያለበትን ይደብቃል። በዚህ መንገድ የተሠራ መነጽር ራስ ምታት ያመጣል፤ የተንሸዋረረ ዓይንንም ሊያብስ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ልጅ የመጀመሪያ መነጽር መታዘዝ ያለበት ዓይንን በሚያላላና መሀሉን ጥቁር ክብ በሚያሰፋ ጠብታ ከተመረመረ በኋላ ነው። መነጽር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው ማዘዣው በእጅ ሲገባ ነው፤ ፍሬሙን መምረጥ፣ የሁለቱን ዓይኖች መካከለኛ ርቀት መለካትና ሌንሱን በትክክል መግጠም የእርሱ ድርሻ ነው።

ጠብታው ወላጆችን የሚያስደነግጥ ውጤት አለው። ለተወሰነ ጊዜ ብርሃን ያስቸግረዋል፤ ቅርብ ያለ ጽሑፍም ይደበዝዝበታል። እንደ ጠብታው ዓይነት ይህ በአንድ ቀን ገደማ ሊያልፍ ወይም ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የትኛው ጠብታ እንደተሰጠ መጠየቅና ምርመራውን ከፈተና ሳምንት ማራቅ ብልህነት ነው። በዕለቱ ባርኔጣ ይዞ መሄድ ይረዳል። ፊቱ ከመጠን በላይ ከቀላ፣ ካተኮሰው ወይም ከቃዠ ግን ወዲያውኑ ወደ ሐኪሙ መመለስ ያስፈልጋል።

ወጪውና የጤና መድን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ውል በገቡ የጤና ተቋማት፣ የሪፈር ሥርዓቱን ጠብቆ እስከሄደ ድረስ፣ የምርመራና የሕክምና አገልግሎት ያገኛል። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። መነጽር ግን በመድኑ ከማይሸፈኑት ውስጥ ነው። ብዙ ልጆች ማዘዣቸውን ይዘው ከሆስፒታል ወጥተው መነጽሩን ሳያደርጉ የሚቀሩት በዚህች ክፍተት ነው። ስለሆነም ቤተሰቡ ለዚህ ወጪ አስቀድሞ ቢያስብ፣ ከፍሬሙ ውበት ይልቅ ለሌንሱ ቅድሚያ ቢሰጥ መልካም ነው። ለልጅ የሚገዛ ሌንስ ከመስታወት ሳይሆን ከፕላስቲክ፣ ቢቻል ከማይሰበረው ፖሊካርቦኔት የተሠራ መሆን አለበት፤ የተሰበረ መስታወት ራሱ ዓይንን ይወጋልና።

መነጽር ዓይንን ያደክማል፣ ልጅ ከለመደው አይላቀቀውም የሚለው አስተሳሰብ በአካባቢው ሥር የሰደደ ነው። መነጽር የዓይንን ድካም አያባብስም፤ ልጁ የማያወልቀው ማየት ስለሚወድ ነው። የመነጽር ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት መጨመሩ የሚመጣው ዓይኑ ከአካሉ ጋር ስለሚያድግ ነው። ሴት ልጅ መነጽር ብታደርግ ውበቷ ይቀንሳል ተብሎ የሚከለከልበትም ቤት አለ፤ ለትምህርቷ ይህ ከባድ ዋጋ ነው። መምህራን በበኩላቸው በክፍል ውስጥ «ባለ አራት ዓይን» የሚለውን ፌዝ በዝምታ ባያልፉት ብዙ መነጽር ከቦርሳ ይወጣል።

ከአካባቢው ለተዛወሩ ቤተሰቦች

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ከተካሄደው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራ ጋር ተያይዞ በርካታ ቤተሰቦች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። የልጁ የሕክምና ካርድ ግን ከቤተሰቡ ጋር አልሄደም። ዓይኑ እየተሸፈነ ሕክምና ላይ የነበረ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክትትል የሚያስፈልገው ልጅ ቀጠሮው ሲቋረጥ ያገኘውን ዕይታ መልሶ ሊያጣ ይችላል። እነዚህ ቤተሰቦች ሲታከሙበት ከነበረው ተቋም የሕክምና ማጠቃለያ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የመነጽር ማዘዣውን ፎቶግራፍ አንሥቶ መያዝ፣ የጤና መድን አባልነታቸውንም ወደ አዲሱ ወረዳ ማዛወር ይኖርባቸዋል። አዲሱ ትምህርት ቤትም ልጁ ከፊት መቀመጥ የሚያስፈልገው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙ ጠብታዎች

አቧራና ፀሐይ በበዛበት ወቅት የብዙ ልጆች ዓይን ያሳክካል፤ ነጩ ክፍል ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ እንደ ክር የሚጎተት ዓይናርም ይወጣል። ይህ የዓይን አለርጂ ለዓመታት እየሄደ የሚመለስና አሰልቺ ሕመም ነው። አደጋው የሚመጣው ከሕመሙ ይልቅ ከመድኃኒቱ ነው። ዴክሳሜታዞንና ሌሎች የስቴሮይድ ጠብታዎች ማሳከኩን በአንድ ቀን ስለሚያስታግሱ ወላጆች ባዶውን ጠርሙስ ለፋርማሲ እያሳዩ ደጋግመው ይገዛሉ። እነዚህ ጠብታዎች ያለ ክትትል ለወራት ሲደረጉ የዓይንን የውስጥ ግፊት ከፍ በማድረግ ግላኮማን፣ በተጨማሪም የሞራ ግርዶሽን ያስከትላሉ። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ፊትን መታጠብ፣ ባርኔጣ ማድረግና ዓይንን አለማሸት ቀላሉን ሁኔታ ያስታግሣሉ፤ ከዚያ ያለፈው በዓይን ሐኪም የሚታዘዝ ነው። የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂና በጨቅላ ዓይን ላይ የሚደረግ ኩልም ኢንፌክሽን ስለሚያስገቡ መቅረት አለባቸው።

ድንገተኛ ጉዳት

እርሳስ፣ መቀስ፣ የወንጭፍ ጠጠር፣ የርችት ፍንጣሪ፣ በቡሄ ሰሞን ደግሞ የጅራፍ ጫፍ የልጆችን ዓይን ይጎዳሉ። ዓይን ከተወጋ ወይም ከተቀደደ መታጠብም፣ መታሸትም፣ በጨርቅ ተጭኖ መታሰርም የለበትም፤ የገባው ነገር ሳይነቀል፣ ዓይኑ ሳይነካ በሚከላከል ነገር (ለምሳሌ በወረቀት ኩባያ ቂጥ) ተከልሎ ልጁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። በረኪና፣ ኖራ፣ ሲሚንቶ ወይም ሌላ ኬሚካል የገባ እንደሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ባለበት ቦታ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ሽፋኑ ተገልጦ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብና ከዚያ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። መኪና ፍለጋ ከመታጠቡ አይቀድምም። ሪፈር ወረቀት የሚጠየቅበት ጉዳይ ባለመሆኑ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

የዕለት ተዕለት ልማድ

የሩቅ ዕይታ ችግር በከተማ ልጆች ዘንድ በዓለም ዙሪያ እየጨመረ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን የሚጫወት ልጅ ለችግሩ የመጋለጥ ዕድሉ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። በአራዳ ጠባብ ግቢዎች ይህ ቀላል ባይሆንም የትምህርት ቤቱ ሜዳና የጃን ሜዳ ሰፊ ቦታ አሉ፤ ወንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ሴት ልጅ በቤት ሥራ የምትያዝበት ልማድ የእርሷን ዓይን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስልክና ቴሌቪዥን እንዳይሰጥ፣ እስከ አራት ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። የሚያነብ ልጅ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ በመስኮት ሩቅ ቢመለከት ዓይኑ ያርፋል። በደብዛዛ አምፖል ማንበብ ዓይንን ያደክማል እንጂ አያሳውርም፤ መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ያጠና ልጅ በዚያ ምክንያት አይታወርም።

ዕይታቸው በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም ሙሉ በሙሉ የማይስተካከል ልጆችም የትምህርት በር አይዘጋባቸውም። በምኒልክ ሆስፒታል አቅጣጫ የሚገኘው የጀርመን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ከሚያዩት ጋር አቀናጅቶ በማስተማር ይታወቃል። ወላጆች ልጃቸውን ብሬይል ወደሚያስተምር ክፍል ከመላካቸው በፊት ግን የዝቅተኛ ዕይታ ምርመራ እንዲደረግለት መጠየቅ አለባቸው፤ «ዓይነ ስውር» ከተባሉት ልጆች አንዳንዶቹ በማጉያ መነጽርና በትልልቅ ፊደላት በታተመ መጽሐፍ በዓይናቸው ማንበብ የሚችሉ ናቸውና።